ራሂማ በሐመሩ ሐ

ሐምሌ 14፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የገዛሁት ለሥራ ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ላይ እናቴ የሽንኩርትና የዘይት ዝርዝር ጽፋበት አገኘሁት። ከዚህ በኋላ የሥራ ደብተር ነው ብል ማን ያምነኛል? የሆድ የሆዴን ልጻፍበት።

ጠዋት ደሴ፣ ከሆጤ ሰፈር ስወጣ ሹራብና ጃኬት ደርቤ ነው። የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ጃኬቱን አወልቃለሁ፣ ኮምቦልቻ ስገባ ሹራቡንም። ማታ ደግሞ በተገላቢጦሽ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስለብስና ሳወልቅ ኖሬያለሁ።

ወርክሾፓችን ከሱቅ የተገዛ ጫማ እሺ ለማይለው እግር ጫማ ይሠራል፤ ላጠረ፣ ለዞረ፣ ጣት ለጎደለው። ሦስት ነን። ጋሼ ምንይሉ ዋናው ባለሙያ ናቸው፣ ሠላሳ ዓመት በጀሶና በእንጨት የሠሩ። ሰርክአዲስ ደንበኛ ትመዘግባለች። እኔ ዊዳድ ደግሞ ኮምፒውተሩንና ጫማው የሚሰፋበትን የእግር ቅርጽ፣ ማለት ፎርማውን፣ የሚጠርበውን ማሽን እጠብቃለሁ።

እያንዳንዱ ደንበኛ በስሙ አንድ ፎልደር አለው። ውስጡ ሁለት ፋይል፦ «ቀኝ» እና «ግራ»። ችግሩ ሰርክአዲስ ፊደል የምትመርጠው ጣቷ እንደደረሰ መሆኑ ነው። ሃይማኖት የሚባል አንድ ደንበኛ ሦስት ፎልደር አለው፤ አንዱ በሀሌታው ሀ፣ አንዱ በሐመሩ ሐ፣ አንዱ በብዙኃኑ ኀ። ባለፈው ሳምንት ከአሮጌው ፎልደር ጫማ ተሠርቶለት እያነከሰ መጥቶ እያነከሰ ሄደ።

«መላ በይው» አሉኝ ጋሼ። መላ ከኔ ወዲያ ለማን!

ሐምሌ 17፣ ሐሙስ

ስክሪፕቱ፣ ማለት ለኮምፒውተሩ የምጽፍለት ትእዛዝ፣ አለቀ። ሥራው ቀላል ነው። ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ይመልሳል። ከዚያ «በዚህ ስም ፎልደር አለ ወይ?» ብሎ ያያል። ከሌለ ይከፍታል። ካለ ፋይሎቹን ወደዚያው ያዛውራል። ውስጡ ያው ስም ያለው ፋይል ካገኘ ከሁለቱ በቀን አዲሱ አሮጌውን ይተካል። ሃያ ሁለት መስመር ብቻ። ለእናቴ ላስረዳት ብሞክር «አንቺ ልጅ፣ ፊደል ስታጠፊ ነው እንዴ የምትውይው?» አለችኝ።

ሐምሌ 21፣ ሰኞ

ጋሼ ዛሬም የሉም። ደሴ ጉዳይ አለኝ ብለው ሄዱ፤ በዚህ ወር ሦስተኛቸው ነው። መሬት ሊገዙ ይሆናል። አርብ ዕለት የሰርክአዲስን ሻይ የራሳቸው መስሏቸው ጨልጠውት ስንስቅ ዋልን።

ሲወጡ «ሳላየው እንዳትነኪው» ብለውኛል። ስክሪፕቱን ነው። ምኑን ያዩታል? እንኳን ስክሪፕት፣ ደብዳቤ እንኳ «አንብቢልኝ» ነው የሚሉት።

ሐምሌ 22፣ ማክሰኞ

ስክሪፕቱን ለቀቅኩት። አራት ሴኮንድ። 1184 ፎልደር የነበረው 931 ሆነ። ሃይማኖት አንድ ሆነ። ሰርክአዲስ እንኳ «ጎበዝ» አለችኝ፣ ማመስገን የማይሆንላት። ታክሲ ውስጥ ብቻዬን ፈገግ ስል አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ቦርሳቸውን ወደ ጉያቸው ሳብ አደረጉ።

ሐምሌ 28፣ ሰኞ

ጋሼ ከማሽኑ የወጣ ፎርማ ይዘው ገቡ። እንደ ዳቦ እያገላበጡ በአውራ ጣታቸው ይዳስሱታል።

«የራሂማ ዓብደላን ፎልደር ክፈችልኝ» አሉኝ። «በሐመሩ ሐ የተጻፈውን።»

«ያለችን ራሂማ አንድ ናት ጋሼ። በሀሌታው።»

«ሁለት ናቸው። ሞክሼ ናቸው።»

ከዚያ ቀስ ብለው አስረዱኝ። ስማቸው ከነአባታቸው አንድ የሆኑ ደንበኞች ሲገጥሟቸው፣ ሰርክአዲስ ከመምጣቷ በፊት ጀምሮ፣ ራሳቸው ቁጭ ብለው በፊደል ይለዩአቸዋል። አንዱን በእሳቱ ሰ፣ ሌላውን በንጉሡ ሠ። እንዲህ ያሉ ሰባት ጥንድ አሉ። ፊደሎቹም ሞክሼ፣ ሰዎቹም ሞክሼ።

«በአያት ስም አይለዩም ነበር?» አልኳቸው።

«ጠይቄ ነበር። የሁለቱም አያት ሙሄ ናቸው።»

ወሎ ውስጥ ሙሄ ያልሆነ አያት ከየት ይመጣል!

«ሌላ ቦታ ተቀምጦ ይሆናል፣ ፈልጌ እከፍትልዎታለሁ» አልኩ። ጋሼ «መልካም» ብለው ፎርማውን ጠረጴዛዬ ላይ ትተውልኝ ወጡ።

ሐምሌ 29፣ ማክሰኞ

የለም።

በውጭው ዲስክ ላይም የለም። ኮምፒውተሩ በየቀኑ አመሻሽ ላይ የዕለቱን ሁሉ ወደ ዲስኩ ይገለብጣል፤ የትናንቱን በዛሬው ይተካል። እሱንም የጻፍኩት እኔው ነኝ። እንግዲህ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ አጠፋኋት ማለት ነው።

የሌሎቹ ስድስት ጥንዶች ፋይል ማሽኑ ውስጥ ቀርቶ ተገኘ። ፎርማቸው ድሮ ተጠርቦ ነበር። የሷ ግን ስክሪፕቱን ስለቀው ገና ተራ እየጠበቀ ነበር።

ሐምሌ 30፣ ረቡዕ

ማን እንደሆነች ልጻፈው፤ ስጽፈው እንኳ ልፈር። በሐመሩ ሐ የነበረችው የኩታበሯ ራሂማ ሃያ ዓመቷ ነው። ከልጅነቷ ቀኝ እግሯ አጥሯል። ኮምቦልቻ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ተቀጥራለች፤ መስከረም 5 ትገባለች። ሥራው ቀኑን ሙሉ ቆሞ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ቆማ መዋል ካልቻለች ወደመጣችበት ይመልሷታል። አሁን ጨርቅ በጠቀጠቀችበት ጫማ ግማሽ ሰዓት አትቆምም። ግንቦት ላይ ጋሼ እግሯን በጀሶ ለክተው፣ ቅርጹን ሁለት ቀን ሙሉ ኮምፒውተሩ ላይ እየተጠጉ አርመውት ነበር። ጀሶውን ቦታ ያዘብኝ ብዬ ሰብሬ የጣልኩት እኔ ነኝ።

የኮምቦልቻዋ ራሂማ የተለካችው በሰኔ ነው። ፋብሪካ ቆማ ስትውል ተረከዟን የሚያማት ሴት ናት። ፋይሏ አዲስ ነው፣ ስሙም «ቀኝ» ነው፤ የኩታበሯም «ቀኝ» ነው። አዲሱ አሮጌውን ተካ። ልክ እንዳዘዝኩት።

ፋይል የምታዛውረዋ ትእዛዝ ላይ ሰረዝና ኤን የምትባል አንዲት ፊደል ብጨምር ኖሮ «ያለውን አትንካ» ማለት ነበር። አንዲት ፊደል። ስክሪፕቴ «አለ ወይ?» ብሎ ጠየቀ እንጂ «የማን ነው?» ብሎ አልጠየቀም። እኔስ መቼ ጠየቅኩ?

ነሐሴ 5፣ ሰኞ

ስልክ ያነሳሁት እኔ ነበርኩ፣ ሰርክአዲስ ምሳዋን እየበላች።

«አሰላሙ ዐለይኩም። የጫማው ቤት ነው? የራሂማ አባት ነኝ፣ ዓብደላ፣ ከኩታበር። ኔትወርክ ፍለጋ ዳገት ወጥቼ ነው። ደረሰ ወይ ልበል ብዬ ነው።»

«ኢንሻ አላህ አባባ፣ እየተሠራ ነው።»

«አላህ እጃችሁን ይባርከው።»

ማታ ለእናቴ ለሁስኒያ ነገርኳት፤ ሁሉንም ሳይሆን ይቺን ብቻ። ሁስኒያ ግን ሁስኒያ ናት፣ ግማሹን ነግሬያት ሙሉውን ትሰማለች። «ልጄ፣ ኢንሻ አላህን ላልሠራሽው ሥራ መሸፈኛ አታድርጊው። ያስጠይቃል» አለችኝ።

ነሐሴ 8፣ ሐሙስ

ፋይል መልሶ የሚያወጣ ፕሮግራም ሞከርኩ። ያወጣልኝ የሰርክአዲስን የእህቷን ሰርግ ፎቶ ነው።

ከሰዓት በኋላ ውኃ ልቀዳ ስወጣ ሰርክአዲስና ጋሼ በረንዳው ላይ ያወራሉ። «እስከ መቼ ዝም ይሏታል?» ትላለች እሷ። ጋሼ ደግሞ «ልጅቷ ራሷ ትናገራለች፣ ተያት» አሉ። ስለ ራሂማ መሰለኝ። ራሂማ ምን እንደምትናገር ግን አልገባኝም። ውኃውን ሳልቀዳ ተመለስኩ።

ነሐሴ 9፣ አርብ

ዛሬም አልነገርኳቸውም። ፍልሰታ እየጾሙ ነው፤ በባዶ ሆዳቸው ለምን አስደነግጣቸዋለሁ ብዬ።

ምክንያት አታጪም አንቺ።

ነሐሴ 12፣ ሰኞ

ነገርኳቸው።

ሐረጎ ላይ ጉም ሞልቶ መኪናው እየዳኸ ነበር የወረደው። ጉሙ ሲያልቅ እናገራለሁ ብዬ ለራሴ ማልኩ። ገብቼ ጃኬቴን ሳላወልቅ ቆምኩ። «ጋሼ፣ የራሂማን እግር አጥፍቼዋለሁ። የሐመሩን ወደ ሀሌታው ስለውጥ የኮምቦልቻዋ ፋይል ተተካበት። እንዳትነኪ ብለውኝ ነበር። አፉ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

የያዙትን ቆዳ አስቀመጡ። «አውቃለሁ» አሉ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ፎርማው ከማሽኑ ከወጣ ቀን ጀምሮ። ዳሰስኩት፤ የሷ አይደለም። የዚያች ልጅ ቁርጭምጭሚት ከውስጥ በኩል እንደ ባቄላ ከፍ የምትል ነገር አላት። ይኼኛው ለስላሳ ነው።»

«ታዲያ ሁለት ሳምንት ሙሉ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ብቆጣሽ ፋይሉ ይመጣ ነበር?» አሉ። ግን ቆጣም አሉ። «አባቷን ኢንሻ አላህ ማለትሽን ሰርክአዲስ ነግራኛለች። እሱን አልወደድኩልሽም።» ወላሂ ፋይሉን ከማጥፋቴ ይልቅ እሱ አመመኝ።

«ቅርጹን እንደ ግንቦቱ ኮምፒውተሩ ላይ እንደገና ሊያርሙት ይችላሉ?» ብዬ ስጠይቃቸው «ያኔ ዓይኔ ደህና ነበረ» አሉና ወዲያው ሳቁ። «ዓይኑ ዐንም ያጠፋሽው አንቺ አይደለሽ? አልፋውን አስቀርተሽ ዓይኑን አጠፋሽው።» እኔም ሳቅኩ፣ እንባዬም መጣ። ሰርክአዲስ በበሩ አንገቷን አስግጋ «ተመስገን፣ ሆዴ ሊፈነዳ ነበር» አለች።

ቅዳሜ እግሯን እንደገና በጀሶ ልንለካ ኩታበር እንሄዳለን። ለራሂማ የምነግራት እኔ ነኝ።

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

ደክሞኛል ግን ልጻፈው።

ከደሴ በጠዋት ተነሳን። ጋሼ የጀሶውን ከረጢት፣ እኔ ፋሻውንና ባልዲውን ይዘን። ከኩታበር ከተማ ወዲያ መኪና የለም፤ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። ጋሼ ክንዴን ይዘው ሄዱ። ሸክሙ ከብዷቸው ነው።

አባባ ዓብደላ መንገድ ድረስ ወጥተው ተቀበሉን፤ ጫማውን ያመጣንላቸው መስሏቸው። ከረጢቱን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። ቤት ገብተን ገና ሳንቀመጥ ተናገርኩ። ስለ ፊደሎቹ ሳስረዳ ራሂማ አፏን ከፍታ ሰማችኝ።

«ቆይ እስቲ» አለች። «እግሬን በጀሶ ተይዤ ያን ያህል ሰዓት የተቀመጥኩት ለከንቱ ነው?»

«አዎ።»

«ደግሞ ስልክ ላይ ለአባቴ እየተሠራ ነው አልሽ።»

«አዎ። ዋሸሁ። አፉ በይኝ።»

አፉ አላለችኝም። አባቷ «ራሂማ!» ሲሏት «ቆይ አባ፣ ትንሽ ልናደድ» አለች። እኔም ልክ ነሽ አልኳት። ጋሼ ጀሶውን በለብታ ውኃ ማራስ ጀመሩ።

እግሯን በፋሻው ከመጠቅለላቸው በፊት ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው በሁለት እጃቸው ዳሰሱት። ከጣት እስከ ተረከዝ፣ ከተረከዝ እስከ ቁርጭምጭሚት። እያንዳንዱ ቦታ ላይ ያቆሙና «እዚህ ጋ ምን ይታይሻል? ቀልቷል?» ይሉኛል። «ትንሽ፣ የጣት ጥፍር የሚያህል።» «ጻፊ።» እንደ ፈተና ነው መሰለኝ። አራት ገጽ ጻፍኩ፣ ሥዕልም ሳልኩ። ይኸው ከዚህ ደብተር ነው የተቀደደው።

ጀሶው እስኪደርቅ ስንጠብቅ ራሂማ ድንገት «ሞክሼዬ ማን ናት?» አለች።

«ኮምቦልቻ የምትሠራ ሴት ናት። አንቺ የምትገቢበት ፋብሪካ።»

«የአያቷም ስም ሙሄ ነው?»

«ሙሄ ነው።»

«ቆንጆ ናት?»

«ከእግሯ ውጪ አላየኋት» አልኳት። ያኔ ሳቀች። በሳቁ እግሯን እንዳታነቃንቅ ጋሼ «አደራ፣ አደራ» ይላሉ።

እርጎ ሰጡን። ፍልሰታ ትናንት ስለፈታ ጋሼም ጠጡ፤ ሁለት ዋንጫ። ስንወጣ ራሂማ ደጃፉ ላይ ቆማ «አፉ ብዬሻለሁ፣ ግን ጫማው ካማረ ነው» አለችኝ። መርሃባ፣ ይሁን አልኳት።

ነሐሴ 22፣ ሐሙስ

የራሂማን አዲሱን ቅርጽ እያረምን ነው። ከማሽኑ የሚወጣውን ለስላሳ ሞዴል ጋሼ ይዳስሱታል፣ እኔ ኮምፒውተሩ ላይ እቆርጣለሁ። «እዚህ ጋ የስንዴ ፍሬ ታህል ቀንሺ። እዚያ ጋ ግማሽ ስንዴ ጨምሪ።» ማሽኑ የሚያውቀው ሚሊሜትር ነው። ስንዴውን ወደ ሚሊሜትር ቀይሬ ጠረጴዛዬ ላይ ለጠፍኩት።

አምስተኛው ሞዴል ላይ «ነይ፣ አንቺ ዳስሺው» አሉኝ። ባቄላዋን አገኘኋት። በጣቴ ሳገኛት እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ነሐሴ 27፣ ማክሰኞ

አዲሱ ስክሪፕት። ፊደል አይነካም። ያለ ፋይል አይተካም። አዲስ ደንበኛ ሲመዘገብ ሞክሼ ፊደሎቹን እያለዋወጠ ይፈልግና ተመሳሳይ ካገኘ ቆሞ ይጠይቃል፦ «ይህ ስም አለ። ራሱ ነው ወይስ ሞክሼ?» ሞክሼ ከሆነ የሚኖርበትን ቦታ ከስሙ ቀጥሎ ይጽፋል። ራሂማ ዓብደላ ኩታበር። ራሂማ ዓብደላ ኮምቦልቻ። ፊደል ከመቁጠር ቦታ መጻፍ አይሻልም?

የየዕለቱ ግልባጭም ለየቀኑ የራሱ ፎልደር ተከፈተለት። ዛሬ ትናንትን አይበላም።

ለጋሼ አሁን አነበብኩላቸው፤ መስመር በመስመር። ስለ ቦታው የሚለው ጋ ስደርስ ጭንቅላታቸውን ነቅነቅ አደረጉ።

ጳጉሜን 2፣ እሑድ

መውሊድ አልፎ ቤታችን ገና እንግዳ አልወጣለትም። እናቴ ለእንግዶቹ ሁሉ «ልጄ ኩታበር ድረስ ጭቃ ረግጣ ይቅርታ ጠይቃ መጣች» እያለች ትናገራለች። ስድብ ይሁን ምርቃት እንጃ። ደስ ያላት ይመስላል።

ጋሼ ማክሰኞ እንደገና ደሴ ይሄዳሉ። መሬት ሊገዙ እንዳልሆነ፣ ለዓይናቸው እንደሆነ አሁን ገብቶኛል። አልጠየቅኳቸውም። እሳቸው ለኔ ጠብቀውኝ የለ? እኔም እጠብቃቸዋለሁ። እስከዚያ ሻያቸውን በቀኝ እጃቸው በኩል አስቀምጣለሁ፤ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ።

መስከረም 3፣ ቅዳሜ

ጫማው አለቀ። ጥቁር፣ የቀኙ ሶል አራት ጣት ከፍ ያለ፣ ማሰሪያው ቡናማ። እሱን ራሷ ናት በስልክ የመረጠችው።

የኮምቦልቻዋንም ጠራኋት። የሷን ጫማ ውስጥ ማስተካከል ነበረብን፣ እውነት ነው። ግን ለማየትም ነው። ሰርክአዲስ ከውስጥ ሆና «ራሂማ ዓብደላ ሙሄ!» ብላ ስትጠራ ሁለቱም ተነሱ። አንደኛዋ ሌላኛዋን አየቻት።

«አንቺ ነሽ?» አለች የኮምቦልቻዋ፤ አርባ ያለፋት፣ ጨዋታ የምታውቅ ሴት። «እግሬ እግርሽን ዋጠው አሉኝ እኮ!»

«ሞክሼ» አለች የኩታበሯ። ተቃቅፈው ቀሩ።

ከዚያ ጫማውን አደረገች። ቆመች። ከቤቱ ጫፍ እስከ ጫፍ ሄደች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ሄደች። ጋሼ ወንበራቸው ላይ ጎንበስ ብለው የእርምጃዋን ድምፅ ያዳምጣሉ። «እኩል ነው» አሉ። አባባ ዓብደላ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«አማረ?» አልኳት።

«አፉ ብዬሻለሁ» አለችኝ።

መስከረም 6፣ ማክሰኞ

ትናንት የመጀመሪያ ቀኗ ነበር። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ስልኬን ሳይ ዋልኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደወለች። ከጀርባዋ የማሽን ድምፅና የሴቶች ሳቅ ይሰማል።

«ሁለቱንም ቀን ቆሜ ዋልኩ። ግራዬን ነው ያመመኝ፣ ደህነኛውን!»

አልሐምዱሊላህ። ሐረጎ ላይ ጃኬቴን መልበስ ረሳሁ፤ ሆጤ ስደርስ ነው የበረደኝ።

መስከረም 13፣ ማክሰኞ

ሳምንቱን ጨርሳለች። አልመለሷትም።

ዛሬ ደግሞ ሁለቱም መጡ፤ ሶሉን ለማሳየት። ሰርክአዲስ አድራሻ ልታድስ ተቀመጠች። «ራሂማ ዓብደላ፣ መኖሪያ?»

«ኮምቦልቻ» አለች ትንሿ። «ሞክሼዬ ቤት ገባሁ። ክፍሏ ሰፊ ነው፣ ብቻዬን ምን አደርግበታለሁ ብላ ወሰደችኝ።»

«አንቺስ?» አለች ሰርክአዲስ ትልቋን።

«የኔማ ያው ነው፣ እዚያው ቤት!»

ስክሪፕቴ ቆሞ ጠየቀ፦ «ይህ ስም አለ። ራሱ ነው ወይስ ሞክሼ?» ሰርክአዲስ ሞክሼ ብላ መለሰች። ቦታ ሲጠይቃት ኮምቦልቻ ጻፈች። ስክሪፕቱ እንደገና ቆመ፦ «ይህ ስም አለ።» ስም አንድ፣ አባት አንድ፣ አያት አንድ፣ አሁን ቤቱም አንድ። ሰርክአዲስ እኔን አየችኝ፣ እኔ ጋሼን አየሁ። ጋሼ ሻያቸውን ይጠጣሉ። ፈገግታቸው ግን እስከ ጆሮ ነው።

«እሺ ጋሼ» አልኩ። «በፊደል እመልሰዋለሁ። ግን ለምንድነው ሐመሩን ለኩታበሯ የሰጧት?»

«ጻፊውና እዪው።»

ወረቀት ላይ በትልቁ ጻፍኩት። ራሒማ። መሃል ላይ ያለችውን አየኋት፦ ሒ። ሦስት እግር አላት፤ በቀኟ እግሯ ሥር ወደ ጎን የወጣች አጭር ሰረዝ አለች። አንዱ እግሯ ላይ ብቻ ጫማ አድርጋለች።

«ሰኔ ላይ ነው ያየኋት» አሉ ጋሼ። «አሁንም አለች?»

«አለች ጋሼ።»

ወረቀቱን ለራሂማ ሰጠኋት። ፎልደሩን ራሴ ከፈትኩት፣ በሐመሩ ሐ።